ከቡሌ ወደ ዲላ በደኅና ስለ ደረሱት ሰዎች ቁጥር

ሚያዝያ 1962 ዓ.ም.
ዲላ

ለክቡር ቀኛዝማች ወልዱ
የአውራጃው የልማት ጥናት ክፍል ሹም

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ የጥልፍ ልብስ ለብሳ የምትቀመጠው አዲሲቱ የሒሳብ መኪና በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። የመኪናይቱን ጤንነት ከቤተሰብዎ ጤንነት ጋር አብሬ መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ፤ በአውራጃችን ውስጥ ገና ሳትታመም የምትጠየቅ፣ በየሳምንቱ ዘይት የምትቀባ፣ ብትታመምም ከአዲስ አበባ ድረስ ባለሙያ የሚመጣላት እርሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ስሜ ይርጉ ወልደዮሐንስ ይባላል። በዚሁ በዲላ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዚህ በፊት በቡሌ አስተማሪ ነበርሁ፤ በዚያ ብርድ ማደሪያ ባጣሁ ጊዜ ቤታቸውን ከፍተው ያኖሩኝ አቶ ገሪማና ባለቤቱ ወርቂቱ ነበሩ። ወርቂቱ እንደ እኅቴ ነበረች። ስለ እርሷ ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ አሁን የማነሣት ይህን ሁሉ የምጽፈው ለቁጥር ካለኝ ፍቅር ብቻ የተነሣ እንዳይመስልዎ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። የቡሌ ሕዝብ በአገራቸው አንዲት ክሊኒክ እንድትከፈትላቸው፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋና ምጥ የጠናባትን ሴት የሚረዳ አንድ ድሬሰር እንዲመደብላቸው ሽማግሌዎቻቸውን ልከው አመለከቱ። ክቡርነትዎም ጉዳዩ በስሜት ሳይሆን በስታቲስቲክ ይታያል ብለው አስጠኑት። ባለፈው መጋቢት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የጥናቱ ውጤት ሲነበብ፣ ከቡሌ ሕዝብ ከመቶው መቶው ወደ ዲላ ለመምጣት የሚችል፣ ከመቶው ዘጠና አራቱም ምንም ችግር የሌለበት ሆኖ መገኘቱን ሰማን። ስለዚህ ለቡሌ የታሰበው ክሊኒክ በዲላ ከተማ፣ ከክቡርነትዎ ቢሮ ፊት ለፊት እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። ክረምት ከመግባቱ በፊትም ይፈረማል ተብሏል። እኔም ብዕር ያነሣሁት እርስዎ ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት ለመድረስ ነው።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ አስቀድሞ ምስጋና ላቅርብ። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን የተሳሳተ ስሌት ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ምሳሌ እያጣሁ ስቸገር ኖሬአለሁ። የክቡርነትዎ ጥናት ከወጣ ወዲህ ግን ምሳሌ ፍለጋ አልወጣሁም፤ ለዚህ ውለታዎ የሒሳብ ትምህርት በሙሉ ባለ ዕዳዎ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ትምህርት ነው። ጸሐፊዎ አቶ በቀለ መኪናይቱን እንዲማሩ አዲስ አበባ ተልከው ነበር። ተምረውም መጥተዋል፤ የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ገብቶ ከበስተጀርባቸው ተሰቅሏል። ቁጥሩን በየረድፉ ያስገባሉ፣ እጀታውን ያዞራሉ፣ መኪናይቱም እየተንኳኳች መልስ ታወጣለች። ይህን ሲያደርጉ ቆሜ አይቻለሁ፤ እጃቸው ፈጣን ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ቢሮአችሁ ገብቼ ናሙናውን እንዴት እንደመረጡ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ መኪናይቱን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ መረመሩና ናሙና የሚባል ቁልፍ እንደሌላት ነገሩኝ። ለሚቀጥለው በጀት አዲስ መኪና ሲጠየቅ ይህ ጉድለት እንደሚመዘገብም አጽናኑኝ። በአቶ በቀለ አልፈርድም። ቁልፎቹ የት የት እንዳሉ የሚያስተምር ሰው አገኙ፤ ወደ ቁልፎቹ ከመሄድ በፊት ምን ማወቅ እንደሚገባ የሚያስተምራቸው ግን አላገኙም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እርስዎ ግን መታጠቂያውንም ሳይሰጡ ነው ያስሮጧቸው።

ሁለተኛ፣ ለጥናቱ ሰው እንዲጠይቁ የላኳቸው ቆጣሪዎችዎ የቆሙበትን ቦታ ይመለከታል። የቡሌ ሰው ወደ ዲላ መምጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ለማወቅ በዲላ ገበያ መግቢያ ላይ ቆመው ከቡሌ የመጣውን ሰው ጠየቁ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት ቆየሁ። የመጣውን ሰው መምጣት ትችላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ! ከመቶው መቶው ችሏል! እኔማ የገረመኝ አንድ እንኳ ያልቻለ ሰው በመካከላቸው አለመገኘቱ ነው። እግሩ የተሰበረው ሽማግሌ በቡሌ እሳት ዳር ተቀምጦ ነበር። ወባ ከቆላ ይዞ የወጣው ጎልማሳ ቡልኮ ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች በጥናቱ ላይ የደረሰባቸው በደል ቀላል ነው፤ ለመጠየቅ መታመም አልነበረባቸውም። እንዲያውም ክሊኒክ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ገበያ ከጀርባው አድርጎ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ቆጣሪዎቹ ግን ዳገቱን የማይወዱበት ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያ ዳገት ላይ መኪና አይሄድም፣ በእግር ደግሞ እጅግ ሩቅ ነው፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ይህንንም ራሳቸው አቶ በቀለ ነግረውኛል። በጥናቱ ውስጥ ግን አልገባም፤ ቆጣሪ አይጠየቅምና።

ሦስተኛ፣ ስለ መልሱ ነው። ከመቶ ዘጠና አራቱ ችግር የለብንም ማለታቸው እንዴት እንደተገኘ መርምሬአለሁ። ቆጣሪው ካፖርት ለብሶ፣ ወረቀት ይዞ፣ የመንግሥት ሰው መስሎ መንገድ ላይ ያቆማቸውና መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቃቸዋል። እነርሱም እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ይመስገን እንደሚል፣ ከቀብር የሚመለስ ሰው እንኳ አስቀድሞ ይመስገን ብሎ ኋላ እንደሚያለቅስ፣ ይህንን ከእናትዎ ጡት ጋር የጠቡት ነው። እኛ ሰዎች ለእንግዳ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ችግራችንን አንዘረግፍም፤ ነውር ነው። ጨዋ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ይጠብቃል። ቆጣሪዎችዎ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አልነበራቸውም። ይመስገን ያለውን ሁሉ ችግር የለበትም ብለው ጻፉ፤ መኪናይቱም ለፈጣሪ የተሰጠውን ምስጋና ደምራ ለክቡርነትዎ አስረከበች። አማርኛው የሚያስቸግራቸውና በጌዴኦኛ የመለሱትም እዚያው ውስጥ ተጨመሩ፤ ፈገግ ብለዋል ተብሎ።

አራተኛ፤ አማካይ የሚባለው ነገር። የዲላ ሰው ከሐኪም ቤት አጠገብ ይኖራል፤ የቡሌ ሰው ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲመሽ ነው የሚደርሰው። መኪናይቱ ሁለቱን ደምራ፣ አካፍላ፣ የአውራጃው ነዋሪ ከሐኪም ቤት መካከለኛ በሆነ ርቀት ላይ እንደሚገኝ አረጋገጠች። ይህ መካከለኛ ነዋሪ የት እንደሚኖር በካርታ ብፈልገው በገደል አፋፍ ላይ፣ ማንም በሌለበት ጫካ ውስጥ አገኘሁት። ክሊኒኩም ቢሆን ለእርሱ አልደረሰውም። የመንገድ ሥራ ክፍሉ ዲላንና ቡሌን እንደ እርስዎ መኪና ቢያቀራርባቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው በሳቅ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። እኔም እስከ አሁን በጨዋነት ጽፌአለሁ። የሚቀጥለውን ግን በጨዋነት ለመጻፍ ብሞክርም አልተሳካልኝም።

አምስተኛ። ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ወርቂቱ ምጥ ጸንቶባት ሁለተኛ ቀኗን ያዘች። የመንደሩ አዋላጆች ከእኛ አቅም በላይ ነው አሉ። ጎረምሶች ቀርከሃ ቆርጠው፣ በቃጫ ገመድ አስረው ቃሬዛ ሠሩና በየተራ ተሸክመዋት ቁልቁል ወረዱ። ዲላ ሲገቡ በገበያው በር አለፉ፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ያ ነውና። እኔም በዚያው ነበርሁ። ባለቤቴ አሰገደች ገብስ ትገዛ ነበር፤ ገሪማን በሕዝቡ መካከል አየሁትና ሮጬ ደረስሁ።

ከእኔ በፊት ግን ቆጣሪው ደርሶ ነበር። ተሸካሚዎቹን አስቆመ። ከየት ናችሁ አለ፤ ከቡሌ አሉ። እየዞረ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። በተራ የሚቀበሉትን ጨምሮ ስምንት ጤነኛ ጎልማሶች ከቡሌ በእግራቸው ዲላ ገቡ፤ ጻፈ። ገሪማን መንገዱ እንዴት ነበር አለው። ገሪማ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑ ከሚስቱ ሳይነቀል፣ ከልማዱ የተነሣ ይመስገን አለ፤ ጻፈ። ከዚያም ወደ ቃሬዛው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ትተነፍስ ነበር፤ ጣቶቿም ቀርከሃውን ጨብጠው ነበር። እርሷንም ጻፈ። እኔ ደርሼ ወረቀቱን ከፊቱ ላይ ገፋሁት፤ ሥራዬን ነው የምሠራው ጋሼ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሥራውን ነበር የሚሠራው። ወርቂቱ በገበያው በርና በሐኪም ቤቱ በር መካከል፣ ሕፃኑን በሆድዋ እንደያዘች ሞተች።

ይህን ካወቁ በኋላ፣ መጋቢት ላይ በአዳራሹ የሆነውን ያስታውሱልኝ። ክቡርነትዎ ሪፖርቱን ሲያነቡ የመንገዱን ምቾት ለማስረዳት፣ እንዲያውም ከቡሌ አንዲት መንገደኛ ተኝታ መጥታለች ብለው ቀና አሉ። አዳራሹ ሳቀ። የቡና ነጋዴዎቹ ሳቁ፣ ከፍስሐ ገነትና ከገደብ የመጡት ተወካዮችም ሳቁ፣ እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን ጠረጉ። ገሪማ በኋለኛው ወንበር ላይ፣ በአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስለምን እንደሚሳቅ አማርኛው አልገባውምና ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ። አልነገርሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አዳራሽ በር ባለፍሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ይህን ቃል በጥንቃቄ መርጬ ነው የጻፍሁት፤ ቁጣ ያልፋል፣ ይህ ግን አላለፈልኝም። ያስጠላኛል። የመኪናይቱ ድምፅ፣ በመስታወት የገባው ወረቀት፣ ቁጥር አይዋሽም እያሉ የሚደጋግሙት ነገር፣ ሁሉም ያስጠላኛል። ቁጥርማ በእርግጥ አይዋሽም፤ ዝም ብሎ ያስቀመጡት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ሙቀጫው ከውጭ አገር ስለመጣ ውሃው ዱቄት አይሆንም።

ይህንንም ልጨምር፤ ቆጣሪዎቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደሚመጣው ሰው ብቻ ነበር። በማግሥቱ እነዚያው ስምንት ሰዎች ቃሬዛውን ተሸክመው ሽቅብ ሲመለሱ በዚያው በር፣ በዚያው ቆጣሪ ፊት አልፈዋል። የሚመለስ ሰው በጥናቱ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ማንም አላስቆማቸውም። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ፊርማው ይቆይ። መኪናይቱም የጥልፍ ልብሷን ለብሳ ጥቂት ትረፍ። በዚህ መካከል ክቡርነትዎና አቶ በቀለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ ብቅ ቢሉ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ማንም ሳያይ፣ መሠረታዊውን ነገር አብረን እንማራለን። ማንን ጠየቅን? ሳንጠይቀው የቀረው ማን ነው፣ ስለምንስ ቀረ? የተጠየቀው ሰው በልቡ ያለውን ተናገረ ወይስ የጨዋ ልጅ የሚናገረውን ተናገረ? ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎችን ደምሮ ማካፈል ማንን ይጠቅማል? ይህ ሁሉ እርሳስና ወረቀት እንጂ መኪና አይፈልግም። ይህን ያወቀ ሰው መኪና ቢሰጡት ይጠቀምበታል፤ ያላወቀ ሰው ግን መኪና ሲሰጡት ስሕተቱን ያፈጥናል እንጂ አያርመውም። ወንበሮቹ ለልጆች የተሠሩ በመሆናቸው ለክቡርነትዎ ቁመት አይመቹ ይሆናል፤ ለትምህርቱ ደረጃ ግን ይስማማሉ። ከዚያም በኋላ ቆጣሪዎቹ ዳገቱን ይውጡ፤ ቢቻል በነሐሴ፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ።

ስለዚህ ጉዳይ ሌላም ወሬ አለኝ። የጥናቱ ነገር ቡሌ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ በሶንጎአቸው፣ ማለትም ነገር በሚመክሩበት አደባባያቸው ተሰብስበው ጉዳዩን መርምረዋል። እነርሱ አንድም ቀን መኪናይቱን አላዩም፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ወደ ዲላ በወረደ ቁጥር በታመመ ወንድሙ ላይ እንደሚመሰክር ተረድተዋል። ስለዚህ ጥናቱ እንደገና እስኪደረግ ድረስ ከቡሌ ወደ ዲላ ገበያ ማንም እንዳይወርድ ወስነዋል። ባለፈው ገበያ ቆጮም፣ የደጋ ገብስም፣ ቅቤም አለመገኘቱን ከቤትዎ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ የየትምወርቅ ቅርጫት፣ የወጥ ቤትዎ ማለቴ ነው፣ ባዶውን ሲመለስ አይቻለሁ። በክቡርነትዎ ዘዴ ከሄድን ከዚህ በኋላ ቡሌ ውስጥ ሰው የለም። አንድም ሰው ካልመጣ፣ ከመቶው ስንቱ እንደመጣ መኪናይቱ እንዴት እንደምታሰላው ለማየት እጓጓለሁ።

የሰፊውን ሕዝብ ችግር ከጠባብ በር ላይ ቆመው ለማየት የቻሉ፣ ለመኪናዎ ርኅሩኅ፣ ለሰው ደግሞ በአማካይ ቸር የሆኑት ሹማችን፣ በዚህ ሁሉ የሥራ ብዛት መካከል የዓይንዎ ብርሃን ሳይደክም፣ የእጅዎ ፊርማ ሳይቸኩል፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ ሆኖ እንዲቆዩ እየለመንሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

መምህር ይርጉ ወልደዮሐንስ
የሒሳብ አስተማሪ፣ ዲላ

ግልባጭ፦ ለገበያው በር

ማስታወሻ፦ የአዳራሹ ሳቅ ምን እንደነበር ለገሪማ በመጨረሻ ነገርሁት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ ነው። እርሱም ወርቂቱ በደኅና ከደረሱት መካከል እንደተጻፈች ትቀራለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጥናቱ ውስጥ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው አልሁት። እንግዲያውስ ከቁጥሩ ላይ እርሷን ይቀንሱልኝ አለ፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ለአቶ በቀለ በሥልጠናው አላስተማሯቸው እንደሆነ፣ በዚያች መኪና ለመቀነስ እጀታውን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል።